በእግሩ የሄደው ጳጳስ

ሬገንስቡርግ የደረስኩት ካልሲዬ በስብሶ ነው። ከፍራንክፈርት ሦስት ሰዓት ይፈጃል የተባለው ባቡር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሌላ ባቡር ለመያዝ በዝናብ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው ሮጥን። ከእህቴ ቤት የወጣሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ስደርስ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። መዘግየቱን እችለዋለሁ። ያደግሁት ጎንደር ነው፣ መናኸሪያ ውስጥ ግማሽ ቀን መጠበቅ ለእኔ አዲስ አይደለም። ያናደደኝ የሚጠየቅ ሰው ማጣቴ ነው። ድምፅ ማጉያው በጀርመንኛ አንድ ነገር ይላል፣ ሰዉ በአንድ ላይ "ኡፍ" ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። በእኛ አገር ረዳቱ ቢዋሽም እንኳ "አሁን እንሄዳለን፣ አይዟችሁ" ይላል። ያቺ "አይዟችሁ" ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነች የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጀርመን የመጣሁት አራስ ልጠይቅ ነው። ታናሽ እህቴ ፍራንክፈርት ትኖራለች። የልጁ ክርስትና ካለፈ በኋላ አራት ቀን ስጪኝ አልኳት። "እታለም፣ በዚህ ብርድ የሞተ ጳጳስ ፍለጋ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እውነቴን ነበር።

የምፈልገው ሰው አልበርት ይባላል። ፈረንጆች አልበርቱስ ማግኑስ ይሉታል፣ ታላቁ አልበርት ማለት ነው። በ1200 አካባቢ ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ላውይንገን ከተማ ተወልዶ በ1280 ኮሎኝ ውስጥ ያረፈ የካቶሊክ መነኩሴ፣ መምህርና ጳጳስ ነው። (የእሱን ዘመን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከእሱ ጋር ያስተዋወቀችኝ ሰጎን ናት።

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ተማሪዬ ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ስለሚሰካው የሰጎን እንቁላል ጠየቀኝ። አባቶች ሰጎን ዐይኗን ሳትነቅል እያየች እንቁላሏን ትፈለፍላለች ይላሉ። እግዚአብሔርም ዐይኑን ከእኛ አያነሣም የሚል ምሳሌ ነው። ልጁ "ቲቸር፣ እርስዎ ግን የትኛውን ነው የሚያምኑት? የባዮሎጂ ደብተሩን ነው ጉልላቱን?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ግን እንዴት ብዬ እንደምመልስለት አላወቅሁም። ያን ማታ ስለ ሰጎን ሳነብ አልበርት ላይ ደረስኩ።

በእሱ ዘመን "ሰጎን ብረት ትበላለች፣ ሆዷም ብረት ይፈጫል" ይባል ነበር። ትልልቅ መጻሕፍት ላይ ሳይቀር ተጽፏል። አልበርት ብረት ይዞ ሄዶ ለሰጎኖች ሰጠ። እምቢ አሉ። የተከተፈ አጥንትና ጠጠር ሲሰጣቸው ግን እየተሻሙ ዋጡት። እሱም ያየውን እንዳየው ጻፈ። ይህ ሰው እኮ ሌሊት ለጸሎት የሚነሣ፣ የሚቀድስ፣ የሚሰብክ መነኩሴ ነው። ፈጣሪን መውደዱ የፈጠረውን ቀርቦ ከማየት አላገደውም። እንዲያውም ስለሚወድ ነው ቀርቦ ያየው። ለልጁ የሚሆን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አልበርት በልቤ አለ።

ከጣቢያው እንደወጣሁ ካልሲ ገዛሁ። ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ በ15 ዩሮ። ሻጯ አሮጊት እግሬን አይተው ወንበር ጎተቱልኝ። የበሰበሰውን ካልሲ ጨምቀው በላስቲክ ጠቀለሉልኝ። በቋንቋ አንዲት ቃል አልተግባባንም። እጃቸውን ስሜ ልሄድ ስል ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ።

የሬገንስቡርግ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው ከ1135 እስከ 1146 ነው። ስለዚህ አልበርት ጳጳስ ሆኖ ሲመጣ ድልድዩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ጢስ ዓባይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ አስታወሰኝ፤ ይሄኛው ግን በጣም ረጅም ነው፣ ቅስት በቅስት ላይ ይቀጥላል። ከሥሩ ዳኑብ እየተገላበጠ ይሮጣል፣ ደረቱን የነፋ ወንዝ ነው። ዳር ላይ ቋሊማ የሚጠብሱበት ቤት አለ፣ ጭሱ ድልድዩ ድረስ ይመጣል። ኅዳር 3 ነበር፣ ጽጌን እየጾምኩ ነው። ዳቦና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ገዝቼ ድልድዩ ላይ ቆሜ በላሁ። ያን ቀን ከበላሁት ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው።

እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ ጫማ ነበር። አልበርት የዶሚኒካውያን ማኅበር አባል ነው። የማኅበሩ መነኮሳት በፈረስና በሠረገላ ሳይሆን በእግራቸው መሄድ ነበረባቸው። ከ1254 እስከ 1257 በጀርመን ምድር የማኅበሩ አለቃ ሆኖ ሲሾም ገዳማቱን አንድ በአንድ በእግሩ እየዞረ ጎበኘ። በ1260 ፓፓ አሌክሳንደር 4ኛ የሬገንስቡርግ ጳጳስ አድርገው ሾሙት። ያን ጊዜ ጳጳስ ማለት መስፍን ማለት ነው፤ መሬት አለው፣ ግብር ይሰበስባል፣ ወታደር ያዛል። አልበርት ግን ያንኑ በጠፍር የሚታሰር የባላገር ጫማውን አድርጎ በእግሩ መሄዱን ቀጠለ። ሰዎች "ቡንድሹ" የሚል ቅጽል አወጡለት። የባላገሩ ጫማ ስም ነው። ለስድብ ብለው ይሁን ለፍቅር፣ እኔ ብሆን በዚያ ስም ደስ ይለኝ ነበር።

ሹመቱ ሲሰማ የማኅበሩ የበላይ አለቃ ሁምበርት ደብዳቤ ጻፈለት። እንዳትቀበል ብሎ ለመነው። የምወደው ልጄ በጳጳስ ወንበር ተቀመጠ ከምባል በቃሬዛ ሲሸከሙት ብሰማ ይሻለኛል አለው። በእኛ ዘንድ ለተሾመ ሰው "ሹመት ያዳብር" ነው የሚባለው። ግን ደግሞ ገድሎቻችን ከሹመት በሸሹ አባቶች የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ሁምበርት ምን ማለቱ እንደሆነ ጎንደሬ አያጣውም።

አልበርት ግን እምቢ አላለም፣ ታዘዘ። ያገኘው በዕዳ የተዘፈቀ ሀገረ ስብከት ነው። ሒሳቡን አስተካከለ፣ ካህናቱን ሥርዓት ለማስያዝ ደከመ። ሁለት ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ልቀቁኝ ብሎ ጠየቀ። ተፈቀደለት። በዚያ ዘመን መንበር አስረክቦ ወደ መጽሐፍና ወደ ተማሪ የሚመለስ ጳጳስ ስንት ይገኛል? እኔ ከሕይወቱ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ያለ ጠብ፣ ያለ ቅሬታ፣ የተሰጠውን ቤት ጠርጎ ቁልፉን መለሰ። እኛ አገር አንድ ርዕሰ መምህር ወንበሩን ለቅቆ ወደ ክፍል ሲመለስ "ምን አጥፍቶ ነው?" እንላለን። እንዲህ የተባለበት ደግ ሰው አውቃለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዛሬ የሚታየው ትልቁ የሬገንስቡርግ ካቴድራል ከእሱ በኋላ የተጀመረ ነው። አየሁት፣ ያምራል፣ ግን ብዙ አልቆየሁበትም። የዶሚኒካውያኑን ቤተ ክርስቲያን ዞሬ ዞሬ ተሳለምኩ። መሸ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። የያዝኩት ማረፊያ ሥሩ መጠጥ ቤት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጠረጴዛ እየደበደቡ ዘፈኑ። ማሞቂያው ወይ አይሠራም ወይ ያቃጥላል፣ መሃል የለውም። ጠዋት ሒሳብ ስከፍል ያልበላሁት ቁርስ 12 ዩሮ ተጨምሮበታል። እየጾምኩ ነው፣ ቁርስ ቤቱን በዐይኔም አላየሁትም ብዬ ብናገር ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ከፈልኩ። 12 ዩሮ በእኛ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ባቡሩ ውስጥ ሳሰላው እንደገና ተናደድኩ።

ሐሙስን ፍራንክፈርት አሳለፍኩ፣ ልጁን ታቅፌ ተኛሁ።

አርብ ኮሎኝ ገባሁ። ባቡሩ የራይንን ወንዝ ተሻግሮ ጣቢያው ውስጥ ሲቆም ካቴድራሉ በላይህ ላይ ነው። ከደጅ ስትወጣ ሰማዩን ይዞታል። ቁመቱ 157 ሜትር ነው። ጥቁር፣ ሹል፣ በዝናብ የታጠበ። ሰዎች ዶም ይሉታል። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ኦገስት 15 ቀን 1248 ነው፣ ያለቀው በ1880። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን አለ፤ የሰብአ ሰገል ዐፅም ነው ይላሉ፣ በ1164 ከሚላኖ የመጣ። በየገናው ስማቸውን ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ሳላስበው ተንበረከክሁ። ጠባቂው ቦታ ልቀቂ የሚል ምልክት አሳየኝ። ከኋላዬ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ተሰልፈው ነበር።

በዚያው በ1248 ነው አልበርት ከፓሪስ ወደ ኮሎኝ የተላከው። ተልእኮው ለማኅበሩ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማቋቋም ነው። ተከትሎት ከመጣው ተማሪ አንዱ ኋላ ታላቅ የካቶሊክ ሊቅ የሆነው ቶማስ አኩዊናስ ነበር። ቶማስ ግዙፍ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጓደኞቹ "ዲዳው በሬ" ይሉታል። አልበርት አንድ ቀን "ዲዳ በሬ ትሉታላችሁ፤ ይህ በሬ ሲያገሣ ግን ዓለም ሁሉ ይሰማዋል" አላቸው ይባላል። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ። በየክፍሉ ጥግ ይዞ ዝም የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ስነግራቸው እሱን እያየሁ ነው።

ሌላ ዝም የማልለው ነገር አለ። በዚያው ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞአ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1280 ወይም በ81 የተሰጠ ነው፤ አልበርት ባረፈበት ዓመት አካባቢ ማለት ነው። አንዱ የሌላውን ስም ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ራይን ዳር፣ አንዱ ሐይቅ ላይ፣ ሁለቱም ብራና እያስገለበጡ፣ ከራሳቸው የሚገዝፍ ተማሪ እያሳደጉ። ዶሙ ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ እንግድነቴ ለቀቀኝ።

ከሰዓት በኋላ በትራም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። አደባባዩ በአልበርት ስም ይጠራል። ጌርሃርድ ማርክስ በ1956 የሠራው ሐውልት ዋናው ሕንፃ ፊት አለ። ንጉሥ በፈረስ ላይ፣ ሰይፍ በእጁ የሚለውን ዓይነት ጠብቄ ነበር። የነሐስ መነኩሴ ቁጭ ብሎ ያነብባል፣ ይኸው ነው። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። የዝናብ ውሃ ገጹ ላይ አቁሯል። አንዲት ተማሪ እግሩ ሥር ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። ፎቶ አንሺኝ ብዬ ለመንኳት። ከየት መጣሽ አለችኝ በእንግሊዝኛ። ነገርኳት። እሷም ባዮሎጂ ነው የምታጠናው፤ በሐውልቱ አጠገብ ሦስት ዓመት ስታልፍ የሰጎኑን ታሪክ አታውቅም። ነገርኳት። ከዚያ የንስሩን ጨመርኩላት።

የንስሩ እንዲህ ነው። አልበርት ንስር ስንት ጫጩት እንደምታሳድግ ማወቅ ፈለገ። ጎጆው ገደል ላይ ነው። ሰው በገመድ እየወረደ እንዲያይ ተደረገ። አንድ ዓመት አይቶ አልተወም፣ ስድስት ዓመት በተከታታይ ያንኑ ጎጆ ተመለከተ። ደግሞ በዚያ ዘመን ከዛፍ ይበቅላሉ የሚባሉ ዝይዎች ነበሩ። እሱና ጓደኞቹ ሲጠቃቁ፣ እንቁላል ሲጥሉ፣ ጫጩት ሲመግቡ አይተው ወሬው ውሸት ነው ብሎ ጻፈ። እንዲህ ባለ ነገር እርግጠኛ የሚያደርገው ማየትና መሞከር ብቻ ነው ይላል ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ። ልጅቷ ሳንድዊቿን ትታ ትሰማኝ ነበር። ከክፍል ውጭ እንዲህ ያለ ተማሪ ሳገኝ ድካሜ ሁሉ ይጠፋል።

አልበርት የግሪኩን ፈላስፋ አርስቶትልን ለላቲኖች፣ በላቲን ለሚማሩት አውሮፓውያን ማለት ነው፣ እንዲገባቸው አድርጌ አስረዳለሁ ብሎ ተነሥቶ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። አርስቶትል የጻፈውን ብቻ ሳይሆን የእስልምናውን ዓለም ሊቃውንት ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን እያነበበ፣ ከተሳሳቱ ተሳስተዋል እያለ፣ የጎደለውን ራሱ እየሞላ ነው የሠራው። የእንስሳት መጽሐፉ 26 ክፍል አለው። የዕፀዋት አለ። የማዕድናት አለ። እኔ በዓመት አንድ የፈተና ወረቀት አሳምሬ ካዘጋጀሁ ደስ ይለኛል።

ያን የእንስሳት መጽሐፍ በገዛ እጁ የጻፈበት ብራና ኮሎኝ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ ይጠበቅ ነበር። ማርች 3 ቀን 2009 የመዝገብ ቤቱ ሕንፃ ተደረመሰ። አጠገቡ ለምድር ውስጥ ባቡር ይቆፈር ነበር። ሁለት ወጣቶች ሞቱ። የአንድ ሺህ ዓመት ሰነድ ጭቃና ውሃ ውስጥ ገባ። የአልበርት ብራና ከፍርስራሹ ተርፎ ወጣ። ቦታው ዜቬሪን የሚባለው መንገድ ላይ ነው። በጨለማ ሄጄ ቆምኩ። የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ጎንደር ዙሪያ በእሳት የተቃጠለ ዕቃ ቤት፣ ብራናው አመድ ሆኖ የቀረ ቤተ ክርስቲያን ስንት አለ። እዚህ የወጣውን እያንዳንዱን ቅጠል ጭቃውን እያጠቡ እያደረቁ ነው የሚመልሱት። ለእኛም ብዬ ጸለይኩ።

ወደ ማረፊያዬ ስሄድ ደግሞ ሌላ ችግር ጠበቀኝ። የያዝኩት ክፍል የለም ተባልኩ። ወረቀቱን አሳየሁ፣ ስሜ የለም። ሌላ ቦታ ጠየቅሁ፣ 140 ዩሮ። ጣቢያው ውስጥ ዳቦ ቤቱ ጎን ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለእህቴ ልደውል ስል አንዲት እናት ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ላይ አጣፍተው ከፊቴ ቆሙ።

"ሐበሻ ነሽ ልጄ?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ እዚህ ብርድ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?"

አስመራ ተወልደው ፒያሳ ያደጉ ናቸው። ኮሎኝ ከገቡ 38 ዓመት ሆኗቸዋል። አማርኛቸው ከእኔ ይጥማል። ሻንጣዬን እኔ ሳልፈቅድ መጎተት ጀመሩ። ቤታቸው ትራም ከሚያቆምበት አምስት ደቂቃ ነው። ሽሮ ሠርተው፣ እንጀራውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው አሞቁት። ለአዳር ልክፈል ብዬ አፌን ስከፍት "እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳልሰማ" አሉኝ። ተቆጥተው ነው። ደነገጥኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ደራርበው አስተኙኝ። በዚህ ጉዞ ከእህቴ ቤት ውጭ እንቅልፍ ያገኘሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሌሊት እናቴ ደወለች። ኅዳር 5 ለ6 አጥቢያ ነው፣ ቁስቋም። እናቴ በየዓመቱ ጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማኅሌት ትቆማለች። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ተቀምጣ ነው። "ድምፁን ላኪልኝ" አልኳት። ጎረቤቷ ልጅ ቀርጻ ላከችልኝ።

ኅዳር 6 ደግሞ ኖቬምበር 15 ነው። አልበርት ያረፈው ኖቬምበር 15 ቀን 1280 ነው። እኔ ይህን ሆን ብዬ አላቀድኩትም፤ ቀኖቹ አንድ ላይ መዋላቸውን ያየሁት ባቡር ውስጥ ነው። ለሴትዮዋ ጠዋት ስነግራቸው አማተቡ። ከሥራ በፊት አብሬሽ እመጣለሁ አሉ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን በር በየቀኑ ያልፋሉ፣ ሥሩ ማን እንዳለ ግን አያውቁም።

ቅዱስ እንድርያስ ከዶሙ ጥቂት እርምጃ ነው። አልበርት መጀመሪያ የተቀበረው በማኅበሩ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ፈረንሳዮች ከተማዋን በያዙበት ዘመን ተዘግቶ በ1804 ፈረሰ። ዐፅሙ ወደ እንድርያስ ተዛወረ። በ1947 ዶሚኒካውያን ተመልሰው እዚህ ገቡ። ከመቅደሱ ሥር ደረጃ ትወርዳለህ። ዝቅ ያለ፣ በአምድ የተያዘ የድንጋይ ክፍል ነው። የእኛን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ሽታ አገኘሁበት፤ ድንጋይ፣ እርጥበት፣ ሰም። ሣጥኑ በሮማውያን ዘመን የተጠረበ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ከእሱ በሺህ ዓመት የሚበልጥ። ወርቅ የለውም። ዶሙ ውስጥ ካየሁት በኋላ ድንጋዩን ስነካው እፎይ አልኩ። በ1931 ቅዱስ ተብሎ ታውጇል፣ በ1941 የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ጠባቂ ተብሏል። እዚህ ግን ትልቅ ድንጋይ፣ ትንሽ ሻማ፣ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

ቶማስ በማርች 1274 ፈረንሳይ ውስጥ ወደሚደረገው የሊዮን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲሄድ መንገድ ላይ ሞተ። ገና ሃምሳ አልሞላውም። ወሬው ከመድረሱ በፊት አልበርት ኮሎኝ ማዕድ ላይ ሳለ ማልቀስ ጀመረ፣ "ልጄ ቶማስ ሞተ" አለ ይባላል። አስተማሪ ተማሪውን ሲቀብር ምን እንደሚሰማው ባለፉት ዓመታት ዐውቄዋለሁ። ዝርዝሩን አልጽፈውም። እዚያ ቆሜ ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ።

አልበርት በ1279፣ ሊሞት አንድ ዓመት ከምናምን ሲቀረው፣ ኑዛዜ ጻፈ። መጻሕፍቱን ለማኅበሩ መጻሕፍት ቤት፣ ልብሰ ተክህኖውን ለዕቃ ቤቱ፣ የነበረውን ወርቅና ብር ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ማስጨረሻ ተወ። ጫማውን ለማን እንደተወ አልተጻፈም።

ሴትዮዋ ሁለት ሻማ አበሩ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። "ማኅሌቱን ክፈቺው እስቲ" አሉኝ በሹክሹክታ። ስልኬን በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ የጽናጽሉ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ከበሮው፣ ከሩቅ የእናቴ ሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ሞላ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጡ። ደንግጬ ልዘጋ ስል እጃቸውን አነሡ፤ ተዪው ማለታቸው ነው። ቦታ አጥብበው አግዳሚውን ለሴትዮዋ በእጃቸው ጠረጉላቸው። ሴትዮዋ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ከስልኩ ጋር ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩ።